የናፍጣ መኪና በማለዳ አልነሣ ሲል፤ ጥፋቱ የካንዴላው ነው ወይስ የሽቦው?

የናፍጣ አውቶሞቢል ይዞ በብርድ ማለዳ ወደ ሥራው ለመሄድ የተነሣ ሰው፣ ሞተሩ እየዞረ አልነሣ ያለው እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚታየው አዲስ ዕቃ መግዛት ነው። ባትሪውን ይለውጣል፤ ካንዴላዎቹን ይለውጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ሞተሪኖውን ያስፈታል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጥፋቱ በአንዲት በዛገች የሽቦ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲገኝ፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ተረት ይፈጸማል። ስለዚህ ዛሬ የማሞቂያ ካንዴላና የሽቦው ጥፋት እንዴት ተመርምሮ እንደሚታወቅ ለአንባብያን በአጭሩ ልናስረዳ አስበናል።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ከተማ በሚገባ ሠርቶ ያሳየው ሞተር፣ እንደ ቤንዚን ሞተር የእሳት ብልጭታ አያስፈልገውም። ፒስተኑ አየሩን በኃይል ሲጨምቀው አየሩ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚያን ጊዜ የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ግን የሲሊንደሩ ብረት ሙቀቱን ስለሚወስደው ናፍጣው ሳይነድ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል። እንደ አዲስ አበባ ባለ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ፣ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ችግሩ ይበረታል። የማሞቂያ ካንዴላ የተሠራው ይህን ችግር ለማስወገድ ነው፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ከባትሪው ኤሌክትሪክ ተቀብሎ እስኪቀላ ድረስ ይግላል።

የሽቦው አዘረጋግ ሁለት ዓይነት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቀረበው የመርሴዲስ ቤንዝ 123 ዓይነት መኪና፣ የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ካንዴላዎች በአንድ ክር እንደ ተሰካ መቁጠሪያ ተከታትለው የተያያዙ ነበሩ፤ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም ይጠፋሉ። በኋለኞቹ ግን እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ሽቦ ስላለው፣ አንዱ ቢሞት ሌሎቹ ይሠራሉ፤ ሞተሩም እየተንቀጠቀጠ ይነሣል። እንግዲህ በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ሁሉም ካንዴላዎች በአንድ ማለዳ ቢጠፉ፣ አራቱም አንድ ጊዜ ተቃጠሉ ከማለት ይልቅ ለሁሉም የጋራ የሆነውን ፊውዝ፣ ሪሌ ወይም ሽቦ መጠርጠር ይሻላል።

የዛገ ጫፍ ምን ያህል እንደሚጎዳ በሒሳብ እንመልከት። የጋለ ካንዴላ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ 1 ኦም ያህል ቢሆን፣ አራቱ ጎን ለጎን ሲያያዙ በጠቅላላው ሩብ ኦም ብቻ ይሆናሉ። በመንገዱ ላይ ያለ ዝገት 0.1 ኦም ቢጨምር፣ ከ12ቱ ቮልት 3.4 ያህሉ በዝገቱ ላይ ይቀራል፤ ለካንዴላዎቹ የሚደርሳቸው 8.6 ቮልት ብቻ ነው። ሙቀታቸውም በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሽቦውን ከካንዴላው ነቅሎ በትንሽ አምፖል ሲፈትነው አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ «ሽቦው ደኅና ነው» ይላል። አምፖሉ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ በዛገው መንገድም ቢሆን ይደርሰዋል፤ ከ30 አምፔር በላይ የሚሹት ካንዴላዎች ግን አይደርሳቸውም።

ስለዚህ ምርመራው ሽቦው ሳይነቀል፣ ካንዴላዎቹ እየሠሩ ሳሉ መደረግ አለበት። አስቀድሞ ያላንዳች ሥራ የቆመው ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል መስጠቱ ይረጋገጥ። ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፉን ወደ ማሞቂያው ያዙር፤ ሌላው የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሁለተኛውን በካንዴላው ራስ ላይ ያድርግ። መለኪያው ከግማሽ ቮልት እምብዛም ካላለፈ መንገዱ ንጹሕ ነው። ሁለትና ሦስት ቮልት ካሳየ ግን፣ ሁለተኛውን ጫፍ ወደ ሪሌው መውጫ፣ ወደ ፊውዙ፣ ወደ ሪሌው መግቢያ እያሉ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ቁጥሩ በድንገት ዝቅ ያለበት ስፍራ የጥፋቱ ስፍራ ነው። በሪሌው መግቢያ ሙሉ ቮልት እያለ በመውጫው ምንም ከሌለ፣ ፊውዙን፣ ሪሌውንና ሪሌውን የሚያዘውን ቀጭን ሽቦ መመርመር ይገባል። መንገዱ ሁሉ ደኅና ሲሆን ብቻ ሽቦውን ነቅሎ የእያንዳንዱን ካንዴላ ኦም መለካት ተገቢ ነው፤ ደኅናው ከ1 ኦም በታች ገደማ ያሳያል፤ የተቃጠለው ምንም አያስተላልፍም።

ጥገናው ብዙ ወጪ የለውም። የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድሞ መፍታት፣ የዛገውን የሽቦ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት፣ ዳዶውን ማጥበቅ፣ የተቃጠለውን ሽቦ ከቀድሞው ባልቀጠነ ሽቦ መለወጥ ነው። በፊውዝ ፈንታ ተራ ሽቦ ማሰር ግን መኪናውን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው። ካንዴላው ግሎ ሳለ ቤንዚን ወይም ሌላ ፈጥኖ የሚነድ ነገር ወደ አየር ማስገቢያው መርጨትም ሞተሩን ሊሰብር፣ ሰውንም ሊያቃጥል ይችላል።

ወጣቶች አንባቢዎቻችን፣ በተለይም የመሥሪያ ቤት መኪና በኃላፊነት የተረከባችሁ፣ የዕቃ መግዣ ወረቀት ሲቀርብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት «ስንት ቮልት ተለካ? በየትኛው ስፍራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይከፋም፤ መልሱን ለክቶ አዘጋጅቶታልና። ያልለካው ግን የሚለውጠው በግምት ነው፤ የግምቱንም ዋጋ የሚከፍለው የመኪናው ባለቤት ወይም የሕዝቡ ገንዘብ ነው።