ኬፕ ታውን፦ ፀሐይ ስትወጣ ነፋሱን ይጠይቁ

በታኅሣሥ ወር ኬፕ ታውን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ሲል ለሚመሽብን ለእኛ ይህ ራሱ ግር ያሰኛል፤ ከሥራ ወጥቶ፣ ቤት ገብቶ፣ ልብስ ቀይሮ ባሕር ዳር ለመድረስ ገና ብዙ ብርሃን አለ። አዲስ አበባ ለገና ዋዜማ ጋቢ ስትደርብ እዚያ በጋው አናት ላይ ወጥቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከቦሌ በቀጥታ ስለሚበር ከብርድ ወደ ሙቀት መሻገሪያው የአንድ በረራ ጉዳይ ነው።

የከተማው ሰው ግን ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት ቀድሞ የሚያየው ቴብል ማውንቴንን ነው። አናቱ ገላጣ ነው ወይስ ነጭ ለብሷል? በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣ ብርቱ ነፋስ አለ። የከተማዋን የታመቀ አየር ጠርጎ ይወስዳል ተብሎ ስለሚታመን «ኬፕ ዶክተር» ይሉታል። ይህ ነፋስ ከባሕሩ እርጥበት ይዞ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል፤ ደመናው በጠፍጣፋው አናት ላይ ተነጥፎ በከተማው በኩል ባለው ገደል ቁልቁል ይፈስሳል፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርስም ሙቀቱ ያተንነዋል። ከታች ሆኖ ላየው ያለማቋረጥ እየፈሰሰ መሬት የማይደርስ ፏፏቴ ነው። ስሙ «የጠረጴዛ ልብስ» ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ ወደ ተራራው አናት የሚያወጣው ኬብል ካር ግን በነፋስ ምክንያት ተዘግቶ ይውላል። ፀሐይን ብቻ አይቶ ዕቅድ ማውጣት እዚህ የእንግዳ ጠባይ ነው።

ስለዚህ ነፋስ የሌለበት ጠዋት ከተገኘ ሌላው ሁሉ ይቆይና ወደ ተራራው መሄድ ነው። ኬብል ካሩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው፤ የዛሬው ካቢን ወለሉ እየዞረ ስለሚወጣ ማንም በመስኮት አይጣላም። በእግር የሚወጣ ሰው ፕላትክሊፕ በሚባለው ሸለቆ የድንጋይ ደረጃ ይይዛል፤ መንገዱ አጭር ቢመስልም ቀጥ ያለ ዳገት ነው። እንጦጦን የለመደ ጉልበት አይቸገርም፤ ውሃ ሳይዙ መነሣት ግን እብደት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,086 ሜትር ከፍታ ያለው አናቱ ላይ መጀመሪያ የሚቀበሉዎት ሽኮኮዎች ናቸው። ቤታቸውን በቋጥኝ ውስጥ የሚያደርጉት፣ መጽሐፈ ምሳሌ ጥበበኛ ያላቸው እነዚያው ሽኮኮዎች፣ እዚህ ከቱሪስት ምሳ ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም።

ከአናቱ ወደ ሰሜን ሲመለከቱ ባሕሩ መካከል ዝርግ ያለች ደሴት ትታያለች። ሮበን ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ፣ ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው ኔልሰን ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቱ 18ቱን ያሳለፈባት ደሴት ናት። ከወደቡ በጀልባ ይኬዳል፤ ጀልባውም ባሕሩ ሲናወጥ ይቀራል።

ነፋሱ ሲበረታስ? ያን ጊዜ ከተራራው ጀርባ መከለል ነው። በአትላንቲክ በኩል ባለው ክሊፍተን ላይ አራት ትናንሽ ነጭ አሸዋማ ዳርቻዎች በግራናይት ቋጥኝ ተለያይተው ተደርድረዋል፤ ከተማው በነፋስ ሲናጥ እዚያ ብዙውን ጊዜ ጸጥታ ነው። ቆንጆዎቹም፣ መታየት የሚፈልጉትም፣ ለማየት የመጡትም እዚያ ናቸው። ውሃው ውስጥ ግን ሰው አይበዛም። የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ የላይኛውን ሞቃት ውሃ ከዳር ገፍቶ ወደ ውቅያኖሱ ሲወስደው ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ይተካዋል። የበጋው ነፋስ በበረታ ቁጥር አትላንቲክ ይቀዘቅዛል ማለት ነው፤ 12 ወይም 13 ዲግሪ መሆኑ የተለመደ ነው። እየሮጠ የገባ ሰው ሁሉ ያንኑ ጩኸት ጮኾ እየሮጠ ይወጣል። በነጻ የሚታይ ትርዒት ነው።

በእውነት መዋኘት የፈለገ ሰው ወደ ሌላኛው ባሕር፣ ወደ ፎልስ ቤይ ይሻገር፤ በበጋ ውሃው በብዙ ዲግሪ ይሞቃል። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚከፋ በጠዋት መድረስ ያዋጣል። ሙይዘንበርግ ላይ ባሕሩ ጥልቀት ስለሌለውና ማዕበሉ ገር ስለሆነ ሰርፊንግ ጀማሪ ሁሉ እዚያ ይማራል። የስድስት ዓመት ሕፃንና ጡረተኛ በአንድ ማዕበል ላይ ጎን ለጎን ሲንሸራተቱ ማየት አያስገርምም። ከመንገዱ በላይ ካለው ተራራ ጠባቂዎች በመነጽር ባሕሩን ይቃኛሉ፤ አረንጓዴ ባንዲራ ከተሰቀለ እይታው ጥሩ ነው፣ ሻርክም አልታየም፤ የሻርክ ሥዕል ያለበት ነጭ ባንዲራ ከወጣና ሳይረን ከጮኸ ክርክር የለም፣ ከውሃው መውጣት ነው።

ጥቁርና ነጩ ተደባልቆ በአንድ አሸዋ ላይ መዋሉ ግን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። በአፓርታይድ ዘመን የባሕር ዳርቻ በቀለም የተከፋፈለ ነበር፤ ምርጡ ለነጮች። እ.ኤ.አ. በ1989 ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ከተቃዋሚዎች ጋር ለነጮች ብቻ ወደተከለሉ የኬፕ ዳርቻዎች ሲሄዱ ፖሊስ ውሻና አለንጋ ይዞ ነበር የጠበቃቸው። በቀለም የሚከፋፍለው ሕግ የተሻረው በ1990 ነው። ዛሬ አርባ የሞላው የከተማዋ ጥቁር ነዋሪ በልጅነቱ እዚያ አሸዋ ላይ ቤት መሥራት አይፈቀድለትም ነበር።

ከሙይዘንበርግ ወደ ደቡብ በባሕሩ ጠርዝ ሲነዱ ካልክ ቤይ የተባለ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ያገኛሉ። መቆም ያለበት እዚህ ነው። ጀልባ ሲገባ ዓሣው በወደቡ ድንጋይ ላይ ይዘረገፋል፤ ገዢ ይከራከራል፤ አጣቢው በሁለት ምት ሆዱን ይከፍተዋል፤ ከሥር ደግሞ ጢማቸውን ያቀኑ አቆስጣዎች ጭንቅላቱ እስኪወረወርላቸው አፍጥጠው ይጠብቃሉ። አጠገቡ የተጠበሰ ዓሣና ድንች በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። በጾመ ነቢያት የደረሰ መንገደኛ «ዓሣ ይበላል፣ አይበላም» የሚለውን የቆየ ሙግት ከነፍስ አባቱ ጋር አስቀድሞ ቢጨርስ ይሻላል፤ ሽታው ጊዜ አይሰጥም።

ትንሽ ገፋ ብሎ ቦልደርስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ጥቂት ፔንግዊኖች መጥተው ጎጆ የሠሩበት ዳርቻ ነው። አለባበሳቸው የሠርግ፣ ድምፃቸው የአህያ ነው። ሰርዲንና አንቾቪ የተባሉት ምግቦቻቸው ስለተመናመኑባቸው በ2024 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች ተመድበዋል፤ ስለዚህ ከእንጨት መተላለፊያው ሆኖ ማየት ይበቃል። ለፎቶ ብሎ እጁን የሚዘረጋ ደግሞ ምንቃራቸው ምላጭ መሆኑን በገዛ ጣቱ ይማራል።

ለማምሻው ላየንስ ሄድ አለ። ከቴብል ማውንቴን ዝቅ ያለ፣ 669 ሜትር የሆነ ሹል ተራራ ነው፤ ፀሐይ አትላንቲክ ውስጥ ስትገባ ለማየት ወጣቱ ሁሉ እራቱንና ጊታሩን ይዞ ይወጣዋል። ወደ ጫፉ ሲቃረቡ በብረት መሰላልና በሰንሰለት የሚያዝ ቦታ አለ። ሲወጡ ብርሃን ነው፤ ሲወርዱ ጨለማ። የስልክ መብራት አይሆንም፤ መሰላሉ ሁለት እጅ ስለሚፈልግ በግንባር የሚታሰር ባትሪ ይያዙ። ነፋሱ ከተነሣ ደግሞ ጀንበሯን ከታች፣ ከሲ ፖይንት የባሕር ዳር መንገድ ላይ አይስክሬም እየላሱ ማየት ይቻላል።