የእናት የጉዞ ኢንሹራንስ የሚወሰነው ካርድ ክፍል ውስጥ ነው

ከአቦምሳ ወጥተው ካናዳ፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ለመውሰድ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚጨነቁት ስለ ቪዛው ነው። ቪዛው ሊገኝ ሲቃረብ ሁለተኛው ጭንቀት ይመጣል። እናት ስኳር አለባቸው፣ አባት የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ኢንሹራንሱ ይቀበላቸዋል ወይ? ከተቀበላቸውስ ስንት ያስከፍላል? አንዱ ዘመድ «ስኳር ካለባቸው አትልፋ» ይላል። ሌላው «ምንም አይጠይቁም፣ ከፍለህ ወረቀቱን ትቀበላለህ» ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ያዩት ግን የተለያየ አገር ነው።

«ምንም አይጠይቁም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ወደ አውሮፓ ሰው የሸኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሸንገን አገሮች የቪዛ ሕግ ተጓዡ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው ኢንሹራንስ እንዲይዝ ያዛል። ሽፋኑ ድንገተኛ ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስን፣ ሞትንም መጨመር አለበት። ኤምባሲው የሚያየው የገንዘቡን መጠን፣ ቀኑንና አገሮቹን ነው። የማይሸፈኑ ነገሮችን ዝርዝር አንብቦ ለተጓዡ ማስረዳት የእሱ ሥራ አይደለም። ስለዚህ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ካለ የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ፓስፖርቱንና የጉዞ ቀኑን ይዞ የሄደ ሰው፣ ስለ ስኳሩ ማንም ሳያነሳበት ወረቀቱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ያ ወረቀት የተገዛው ለኤምባሲው ነው። እናትየው ሮም ላይ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ቢገቡ የሚነበበው ግን የኋላው ገጽ ነው። እዚያ ላይ ውሉ ከመጀመሩ በፊት ከነበረ ሕመም የመጣ ወጪ ብዙውን ጊዜ ከማይሸፈኑት ጋር ተዘርዝሯል፣ ካልሆነም በትንሽ ገንዘብ ተገድቧል።

ወደ አሜሪካ የሚሄድ ጎብኚ ኢንሹራንስ የመያዝ ግዴታ የለበትም፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን እንደ እፎይታ ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው የመክፈል አቅሙን ሳይጠይቁ መርምረው እንዲያረጋጉት ያስገድዳል። ሂሳቡን ግን አይሰርዝም። ለጎብኚዎች ከሚሸጡት ውሎች አብዛኞቹ ደግሞ ለቆየ ሕመም የሚከፍሉት ድንገት ሲቀሰቀስ ብቻ ነው፤ ያም እስከ ተወሰነ ገንዘብና እስከ ተወሰነ ዕድሜ። ለመደበኛ ክትትል፣ ላለቀ መድኃኒት ወይም ለኩላሊት እጥበት አይከፍሉም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ብዙዎቹ ውሎች ቀድሞ የነበረ ሕመም ብለው የሚቆጥሩት ታማሚው ያወቀውን ብቻ ሳይሆን ያላወቀውንም መሆኑ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ ከተጠየቁት አብዛኞቹ ደግሞ ግፊታቸውን ተለክተው አያውቁም ነበር። «እናቴ ምንም የለባትም» ብሎ የሚፈርም ልጅ በምን ተማምኖ እንደሚፈርም እንጃ።

«አትልፋ» የሚለው ዘመድ ምናልባት በካናዳ በኩል የሞከረ ነው። ካናዳ ለዜጎቿና ለቋሚ ነዋሪዎቿ ወላጆችና አያቶች «ሱፐር ቪዛ» የሚባል አላት። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አንድ ጊዜ የገባ ወላጅ እስከ 5 ዓመት እንዲቆይ ይፈቅዳል። በምላሹ ቢያንስ የ100,000 የካናዳ ዶላር ሽፋን ያለው፣ ለአንድ ዓመት የሚጸና የጤና ኢንሹራንስ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 መጨረሻ ወዲህ የካናዳ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ የፈቀደለት የውጭ ኩባንያም መሸጥ ይችላል ተብሏል። ይሁን እንጂ በተግባር ውሉን የሚገዛው አሁንም ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ ያለው ልጅ ነው። እዚያ ያሉ ኩባንያዎች ስለ ጤና በዝርዝር ይጠይቃሉ። ሁለት ዓይነት ውልም ያቀርባሉ፤ አንዱ የቆየ ሕመምን ጨርሶ የማይነካ፣ ሌላው ሕመሙ «የተረጋጋ» ከሆነ የሚሸፍን።

የተረጋጋ የሚባለው ምን ዓይነት ሕመም ነው? ከውል ውል ይለያያል፤ ጊዜው ግን ብዙ ጊዜ ከጉዞው በፊት ያሉት 90 ወይም 180 ቀናት ናቸው። በእነዚያ ቀናት አዲስ ምልክት፣ አዲስ መድኃኒት፣ ሆስፒታል መተኛት፣ ውጤቱ ያልመጣ ምርመራ መኖር የለበትም። የመድኃኒቱ መጠንም መለወጥ የለበትም፤ በብዙ ውሎች መቀነሱም እንደ ለውጥ ይቆጠራል። ስኳር ያለባቸው ሰው ተቀባይነት የሚያገኙት ስኳር ስለሌለባቸው ሳይሆን፣ ስኳራቸው ለወራት አንድ ቦታ መቆሙን ማሳየት ስለቻሉ ነው።

ስለ ዋጋው ብዙ ይወራል፣ መሠረትም አለው። አረቦኑ በዕድሜ ይዘላል፤ የ60 ዓመት ሰውና የ80 ዓመት ሰው በአንድ ዋጋ አይስተናገዱም። ብሩ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ በዶላርና በዩሮ የተተመነ ሁሉ እዚህ ለሚከፍል ሰው ከባድ ሆኗል። ቢሆንም ዋጋን ማላላት ይቻላል። የመጀመሪያውን ሺህ ወይም ሁለት ሺህ ዶላር ራሴ እከፍላለሁ ብሎ የተስማማ ሰው አረቦኑ ይቀንስለታል። ወንድምና እህት ተሰባስቦ ማዋጣትም ያለ ነው። በገንዘብ የማይገዛው ማስረጃው ነው። ይህ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ሳይወራ የሚቀረው ጉዳይ እሱ ይመስለኛል፤ የወላጆቻችን ሕመም ታሪክ ከእነሱ ጋር አይጓዝም።

እንዴት እንደሚሆን ከአቦምሳ እንነሳ። አንዲት እናት ስኳር እንዳለባቸው ያወቁት ጤና ጣቢያ ነው እንበል። ከዚያ አቦምሳ ሆስፒታል ክትትል ጀመሩ። ሲጠናባቸው አሰላ ወይም አዳማ ተላኩ፤ አዳማ ያለች ልጃቸው ደግሞ አንድ የግል ክሊኒክ አሳየቻቸው። በአራቱም ቦታ ካርድ ወጥቶላቸዋል፣ አራቱም ፎልደሮች ያሉት እዚያው ካርድ ክፍል ነው። እናትየው እጅ ያለው ቁጥርና የቀጠሮ ቀን የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ብቻ ነው። የታዘዘው መድኃኒት አንድ ወር ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ይገኛል፣ በሚቀጥለው ወር ይጠፋል። ከውጭ ይገዛል፤ እዚያም ከሌለ በሌላ ይተካል፣ አለዚያም አዲስ እስኪመጣ ያለው ለሁለት ተከፍሎ ይዋጣል። ይህ ሁሉ በየትም አልተመዘገበም። በውሉ ዓይን ግን እያንዳንዱ መተካትና መጉደል የመረጋጋቱን ቆጠራ ከዜሮ ሊያስጀምር ይችላል። የመድኃኒት እጥረት የጤና ችግር ብቻ ሆኖ ነው የሚወራው፤ የኢንሹራንስ ችግርም ነው።

(የሻንጣውን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። በርበሬውና ሽሮው ተመዝኖ፣ በፌስታል ላይ ፌስታል ታስሮ፣ ስም ተጽፎበት ይሄዳል። መድኃኒቱ ቦታ እንዳይዝ ተብሎ ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ስሙና መጠኑ የሌለበት ፍሬ ሆኖ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።)

ቅጹን የሚሞላውስ ማን ነው? ካናዳ ያለው ልጅ፣ ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ በእንግሊዝኛ። እናቱን በስልክ ይጠይቃል፤ እናት «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩ» ይላሉ። ልጅ በሰው አገር እንዳይጨነቅ ሕመምን መደበቅ እኛ ዘንድ የእናት ደግነት ነው። አብሯቸው ያለው ወንድምም «ለሱ እንዳትነግረው» ተብሏል። ባለፈው ጥቅምት ሦስት ቀን ተኝተው እንደነበረ ሩቅ ያለው ልጅ አይሰማም። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ላለፉት 6 ወራት ሆስፒታል አልተኛችም» ብሎ በንጹሕ ልብ ይፈርማል።

ፍቅር የደበቀው በካሳ ጥያቄ ጊዜ ይወጣል። እናትየው ታመው ሂሳቡ ሲቀርብ፣ ኩባንያው ያለፉት 2 ወይም 3 ዓመታት የሕክምና ማስረጃ ከአገር ቤት ይምጣ ይላል። ያን ጊዜ አቦምሳ ያለው ወንድም ከካርድ ክፍል ካርድ ክፍል ይዞራል። ሁለት ነገር ሊያጋጥመው ይችላል። ፎልደሩ ካልተገኘ ጉዳዩ ይጓተታል፤ የሆስፒታሉ ሂሳብ ግን ማስረጃ እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ለልጅ ይላካል። ፎልደሩ ከተገኘ ደግሞ የጥቅምቱ ሦስት ቀን ተጽፎ ይገኛል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ለመናገር ያስቸግራል።

ይህ የፈረንጅ ኩባንያ ተንኮል ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍሉ ዛሬም ይሠራል፤ ከቁጥር 667 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ውል የሚገባው ሰው ስለ አደጋው የሚያውቀውን በትክክል እንዲገልጽ ያዛሉ። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ዋጋ ያጣል፤ ሳያስብ ያላሳወቀው የተሻለ ነው፣ የሚያጣው ከካሳው ከፊሉን ነው። በሕግ ፊት ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሳያስቡ እንደሆነ ለማስረዳት ግን ተመልሶ ማስረጃ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ «ታዲያ የቀበሌው ጤና መድን ሕመም ሳይጠይቅ ይቀበል የለም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ስኳር ያለበትንም የሌለበትንም በአንድ መዋጮ ያስገባል። ይህን ማድረግ የሚችለው ቤተሰብ በሙሉ አንድ ላይ፣ በተወሰነ የምዝገባ ወቅት ስለሚገባ ነው፤ እንደ ዕድር ጤነኛው የታመመውን ይሸከማል። የጉዞ ኢንሹራንስ የሚሸጠው ለአንድ ሰው፣ ያውም ሊሄድ ሲል ነው። ሸክሙን የሚጋራው ስለሌለ ኩባንያው ወይ ያጣራል ወይ ይዘጋል። የጤና መድኑ ደብተር ራሱም ቢሆን በሪፈር ሰንሰለት የታሰረ በመሆኑ ቦሌን ተሻግሮ የሚሠራው የለም። ወደ መካ ለዑምራ የሚሄዱ ደግሞ ኢንሹራንሱ ከቪዛው ክፍያ ጋር አብሮ ይመጣላቸዋል፣ ከግዢው ጣጣ ያርፋሉ፤ ሽፋኑ ግን ለድንገተኛ ነገር እንጂ አብሯቸው ለሄደው ስኳር መደበኛ ክትትል አይደለም።

ብሪታንያ ውስጥ ይህን ጉዳይ ለገበያው ብቻ አልተዉትም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አንድ ኩባንያ ደንበኛውን በሕመሙ ምክንያት ካልተቀበለ፣ ወይም ከተወሰነ መጠን በላይ ከጨመረበት፣ እንዲህ ያሉ ሰዎችን የሚያስተናግዱ ኩባንያዎች ወደተዘረዘሩበት ማውጫ እንዲመራው ግዴታ አለበት። የእኛን ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። የጉዞ ውል ሲሸጥ የቆየ ሕመም ይሸፈናል ወይስ አይሸፈንም የሚለው በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ከገዢው ፊርማ በፊት ይቅረብ ቢል ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይመስለኝም። የካርድ ክፍሉ ጉዳይ ግን ከብሔራዊ ባንክ እጅ ውጭ ነው። ያ የጤና ተቋማት ጉዳይ ነው፤ የቤተሰብም ነው።

ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ክትትሉ በአንድ ተቋም ይሁን። ከሐኪሙ የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቶቹን ሳይንሳዊ ስምና መጠን፣ መጠኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበትን ቀን፣ ተኝተው ከሆነም መቼ እንደሆነ የሚገልጽ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጠየቅ። የላቦራቶሪ ውጤቶቹ ፎቶ ተነስተው ለልጁ ይላኩለት፤ እናትም የጥቅምቱን ነገር ይንገሩት። ሐኪሙ የጉዞውን ቀን አስቀድሞ ካወቀ፣ መለወጥ ያለበትን መድኃኒት ጊዜ ሳለ ይለውጣል። ስድስት ወር መረጋጋትን በሚጠይቅ ውል ጥር ላይ ለሚበር ሰው ቆጠራው የሚጀምረው ሐምሌ ላይ ነው።