የፖፕ ቡድኖች የኮንሰርት ገቢ ክብረ ወሰን መስበር ይችላሉ?

በዓለም ዙር ኮንሰርት ገቢ ክብረ ወሰኑን የያዘችው አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ቴይለር ስዊፍት ናት። «ኤራስ» የተሰኘው የኮንሰርት ዙሯ እ.ኤ.አ. ከማርች 2023 እስከ ዲሴምበር 2024 በ149 ኮንሰርቶች ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ተመልካች አስተናግዶ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የትኬት ሽያጭ አስገብቷል። ከእሷ በፊት ክብረ ወሰኑ የኤልተን ጆን፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የኤድ ሺራን ነበር። ሦስቱም በግል ስማቸው የሚሠሩ ድምፃውያን ናቸው። ቡድኖችስ የት ሄዱ?

ቀድሞ ክብረ ወሰኑ የቡድኖች ነበር። ሮሊንግ ስቶንስ ከ2005 እስከ 2007 ባደረገው ዙር 558 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ መሪነቱን ያዘ። የአየርላንዱ ዩ2 ከ2009 እስከ 2011 በ110 ኮንሰርቶች 736 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ አለፈው። ዩ2 መድረኩን የተከለው ተመልካች በዙሪያው እንዲቆም አድርጎ ነው። ብዙውን ጊዜ ከመድረኩ ጀርባ ባዶ የሚቀረው መቀመጫም በዚህ ዘዴ ተሸጠ።

የገቢው ስሌት ቀላል ነው፤ የኮንሰርቶቹ ብዛት፣ በየምሽቱ የሚገባው ሰውና የትኬቱ ዋጋ ይባዛሉ። የወጣት ወንዶች የፖፕ ቡድን የሆነው ዋን ዳይሬክሽን በ2014 በ69 ኮንሰርቶች ለ3.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ዘፍኖ 290 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። ለአንድ ሰው ሲካፈል 85 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ የስዊፍት ከ200 ዶላር ይበልጣል። ልጆቹ በእሷ ዋጋ ቢሸጡ ኖሮ እንኳ ገቢያቸው 700 ሚሊዮን ባልሞላ ነበር። ያነሰው በተለይ የምሽቶቹ ቁጥር ነው።

የፖፕ ቡድኖች ትልቁ ችግርም ጊዜ ነው። ዋን ዳይሬክሽን በ2015 አንድ አባሉን አጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን አቆመ። የደቡብ ኮሪያው ቢቲኤስ ለ2020 ያቀደው ዙር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ፤ ከዚያም አባላቱ ከ2022 መጨረሻ እስከ 2025 አጋማሽ ተራ በተራ ወታደራዊ ግዴታቸውን ተወጡ። አንድ ድምፃዊ የራሱን ፕሮግራም ብቻ ይዞ ይጓዛል፤ ሰባት አባላት ያሉት ቡድን ግን የሰባቱንም ውል፣ ጤናና ፍላጎት ማስማማት አለበት።

ይህን መሰናክል ያለፈው የእንግሊዙ ኮልድፕሌይ ነው። አራቱ አባላት ከ1990ዎቹ ጀምሮ አልተለያዩም። በማርች 2022 ከኮስታሪካ የጀመሩት ዙር 1 ቢሊዮን ዶላር በማለፍ ከቡድኖች የመጀመሪያው ሆኗል፤ በተመልካች ብዛትም ከስዊፍት በልጧል። በገንዘብ የበለጠችው ትኬቷ ውድ ስለሆነ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የትኬት ሽያጭ ድምር እንጂ ትርፍ እንዳልሆኑ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለስታዲየም፣ ለአዘጋጅ፣ ለሠራተኞችና ለመጓጓዣ የሚከፈለው ከዚሁ ይወጣል። ትኬት ገዝተው በውድ የሚቸረችሩ ሰዎች የሚያገኙት ገንዘብ ግን በእነዚህ ቁጥሮች አይካተትም። የዋጋ ንረትም ስላለ የ2011 ዶላር ከ2024ቱ ጋር እኩል አይደለም።

ስለዚህ ቡድኖች ክብረ ወሰኑን መስበር ይችላሉ፤ ሳይበተኑ ለዓመታት ስታዲየም መሙላትና ትኬታቸውን ማስወደድ ግን ይኖርባቸዋል። ወደፊት «ክብረ ወሰን ተሰበረ» የሚል ዜና ሲሰሙ፣ በስንት ኮንሰርት፣ በስንት ተመልካችና በምን ዋጋ እንደሆነ አብረው ይጠይቁ።