የተሳቢ መብራትና የመመለሻው ሽቦ

ተሳቢ የራሱ ሞተርም ባትሪም የሌለው፣ ለመሄድም ለማብራትም በሳቢው መኪና ላይ የሚደገፍ የጭነት አካል በመሆኑ፣ ከኋላው የሚታዩት የፍሬን መብራት፣ ፍሬቻና የማታ መብራት ሁሉ ኃይል የሚያገኙት በሁለቱ መካከል በተንጠለጠለው የተጠማዘዘ ገመድ በኩል ነው። ፍሬቻ የሚለው ቃል በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ሲሆን፣ በጥንቶቹ መኪኖች ላይ የመታጠፊያውን አቅጣጫ የሚያሳየው ከጎን ብቅ የሚል ክንድ ስለነበር ስሙ በጊዜው ነገሩን በትክክል ይገልጸው ነበር። ዛሬ ቀስቱ ቀርቶ አምፑል ተተክቷል፤ አምፑል ደግሞ ሽቦ ይፈልጋል፣ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የመዠንግር ዞን መቀመጫ በሆነችው በመቲ አካባቢ ይህ ገመድ ከሌላው ቦታ የበለጠ ይፈተናል። ከተማዋ የምትገኘው በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት በተመዘገበው የመዠንግር ደን ቀጠና ውስጥ ሲሆን፣ የጎደሬ ወረዳን ቡና ጭኖ በቴፒ በኩል ወደ ሚዛን፣ ቦንጋና ጅማ የሚወጣ ተሽከርካሪ ዝናቡን፣ ጭቃውንና የደን እርጥበቱን ይዞ ይጓዛል። ውሃና ጭቃ በገመዱ ጫፍ ባለው ስፒና እግሮች መካከል ሲገቡ ናሱ አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ ዝገት ያበቅላል፤ ይህ ዝገት ኤሌክትሪክን ጨርሶ አይዘጋም፣ ግን በደንብም አያሳልፍም፤ ብልሽቱን ለማግኘት አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ግማሽ መሆኑ ነው።

ከባድ መኪኖች 12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎችን በተከታታይ አያይዘው በ24 ቮልት ስለሚሠሩ፣ በእነሱ ዘንድ የተለመደው ባለ 7 እግር ስፒና ከፒክአፕ ተሳቢ ስፒና የተለየ አደራደር አለው። በዚህ አደራደር 2ኛውና 6ኛው እግር የግራና የቀኝ የማታ መብራት፣ 3ኛውና 5ኛው የግራና የቀኝ ፍሬቻ፣ 4ኛው የፍሬን መብራት ሲሆኑ፣ ነጭ ሽቦ የሚገባበት 1ኛው እግር የሁሉም የጋራ መመለሻ፣ ማለትም በጋራዥ አነጋገር ግራውንድ ነው። እያንዳንዱ መብራት የራሱ መሄጃ አለው፤ መመለሻው ግን ለሁሉም አንድ ነው። ብዙ ሰው ተሳቢው ብረት ለብረት ከሳቢው ጋር ስለተያያዘ ሻንሲው መመለሻ ይሆናል ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን መንጠቆውና ቀለበቱ በግሪስ የተለወሱ፣ የአየር ቱቦዎቹም ጎማ በመሆናቸው፣ በዚህ መንገድ የሚመለስ ኤሌክትሪክ ጉድጓድ በተነካ ቁጥር የሚቆራረጥ ነው።

ይህ የጋራ መመለሻ ሲላላ መብራቶቹ እብድ የመሰለ ጠባይ ያሳያሉ። የግራ ፍሬቻ ሲበራ የማታ መብራቶቹ አብረው ይርገበገባሉ፣ ፍሬን ሲረገጥም ፍሬቻዎቹ በደብዛዛው ይበራሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በግራ ፍሬቻው አልፎ ወደ ባትሪው መመለስ ያቃተው ኤሌክትሪክ በማታ መብራቱ አምፑል ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በዚያ መብራት ሽቦ ወደ ሳቢው ይሄድና በሳቢው የኋላ አምፑሎች በኩል ሻንሲውን ያገኛል። ሆኖም ተመሳሳይ ምልክት ሁለት ክር ያለው የ21 እና የ5 ዋት አምፑል አንዱ ክር ተበጥሶ በሌላው ላይ ሲወድቅም ስለሚታይ፣ ሽቦ ከመቅደድ በፊት አምፑሉን አውጥቶ ማየት ብልህነት ነው። የ12 ቮልት አምፑል በስህተት ተገጥሞ ከሆነ ደግሞ ምርመራ አያስፈልገውም፤ ሲበራ ወዲያው ይቃጠላል።

ባለሙያውን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው መሣሪያው ነው። አብዛኛው ዲጂታል ቴስተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ኢምንት በመሆኑ፣ የዛገ እግር ላይ ሲነካ 24 ቮልት ያሳያል፤ የ21 ዋት አምፑል ግን ወደ 0.9 አምፒር ስለሚፈልግ፣ 10 ኦም ያህል ብቻ የሚከለክለው ዝገት ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ሽቦ የተበየደበት የ21 ዋት አምፑል ከቴስተር የተሻለ መርማሪ ነው፤ እሱ ኤሌክትሪክ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሥራ መሥራት መቻሉንም ያሳያል። ቴስተር ካለ ግን መብራቶቹ ሁሉ በርተው ሳለ አንዱን ጫፉን በተሳቢው ሻንሲ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ማድረግ ያዋጣል፤ የሚነበበው ቁጥር ከ1 ቮልት እጅግ ካለፈ መመለሻው ታሟል። የበለጠ ፈጣን ማረጋገጫም አለ፦ ወፍራም ሽቦ ከሳቢው ሻንሲ ወደ ተሳቢው ሻንሲ በጊዜያዊነት ሲዘረጋ መብራቶቹ ወደ ጠባያቸው ከተመለሱ ጥፋቱ የ1ኛው እግር መስመር ነው።

መመለሻው ጤናማ ሆኖ አንድ መብራት ብቻ እምቢ ካለ ፍለጋው ከሳቢው ሶኬት ይጀምራል። በዚያ ሶኬት ላይ ኃይል ከሌለ ተሳቢውን መነካካት ከንቱ ልፋት ነው፤ ፊውዙንና ማብሪያውን ማየት ይበቃል። ኃይል ካለ ግን ገመዱ በእጅ እየተጣመመ አምፑሉ ይታያል፤ ገመድ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ወደ ስፒናው በሚገባበት አንገት ላይ ስለሆነ በመጣመሙ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ቦታውን ራሱ ይጠቁማል። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ተፍቆ ሻንሲ ነክቷል ማለት ነው፤ በእሱ ፋንታ ሽቦ ወይም ምስማር መግጠም፣ በተለይ ቡና በጆንያ፣ ሸራ ከላይ በተጫነበት ተሳቢ ላይ፣ ከፊውዙ ቦታ ይልቅ ገመዱ እንዲቃጠል መፍቀድ ነው።

ጥገናው ሲያልቅ መጋጠሚያዎቹ ተጠምዘው በፕላስተር ብቻ ከተጠቀለሉ በመቲ ክረምት ብዙ አይቆዩም፤ ፕላስተሩ ውሃውን ከማስወጣት ይልቅ አምቆ ይይዘዋልና። በብየዳ ከተያያዙ በኋላ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ መሸፈን፣ እግሮቹንም በስሱ ግሪስ መቀባት ይሻላል። የሶኬቱ ክዳን ስፕሪንግ ከላላ ደግሞ ስፒናው በተነቀለ ቁጥር ዝናቡ የሚገባው በዚያው ነው፤ ስፕሪንጉ ትንሽ ነገር ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው።