ወተቱ የት ገባ?

«አኒማል ፋርም»ን የሚያስተምሩ ብዙ መምህራን ገና በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ «ናፖሊዮን ማለት ስታሊን፣ ስኖውቦል ማለት ትሮትስኪ» ብለው ይጽፋሉ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ፈተናውን ያልፋል። በቃ!

አንድ የማውቀው የእንግሊዝኛ መምህር ግን ለ50 ተማሪ 50 ከረሜላ ይዞ ገባና ለክፍሉ አለቃ «አንተ አድል» ብሎ ሰጠው። አለቃው ሆዬ አስሩን ኪሱ ከተተ። «ስም ስጽፍ የምደክመው እኔ አይደለሁ እንዴ?» አለ። ዘጠኝ ልጆች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ትንፍሽ ያለ የለም።

መምህሩም መጽሐፉን አስገለጠ፤ አሳማዎቹ ወተቱንና ፖሙን ለብቻቸው የሚያስቀሩበትን ቦታ። አፈ ቅቤው ስኩዊለር የምንበላው ለእናንተው ብለን ነው እያለ ሲያሳምን፣ ሌሎቹ እንስሳት ጆንስ እንዳይመለስ ፈርተው ዝም ይላሉ። ጆርጅ ኦርዌል ራሱ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1946 እ.ኤ.አ.፣ በጻፈው ደብዳቤ የታሪኩ መታጠፊያ ይህችው የወተትና የፖም ነገር መሆኗን ገልጿል። ግድያው፣ የምስኪኑ ፈረስ የቦክሰር መሸጥ፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። እናንተም ስታነቡ እዚህች ጋ ቆም በሉ።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ከረሜላችንን አሁን መጠየቅ እንችላለን?»

አለቃው ኪሱን ዳበሰ። ሦስቱን በልቷቸዋል።