«ገቺ ተቀባይ» እና «አረጋጊ መድኃኒት»፦ ስለ ሁለት ስያሜዎች

ሙያዊ ቃል ሲተረጎም አድራጊውና ተደራጊው ከተምታቱ፣ ስሕተቱ የሰዋስው ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም። አረጋጊ መድኃኒቶች በአንጎል ሕዋሳት ላይ የሚሠሩት ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ስለሚሆን፣ በመጀመሪያ ነገሩን፣ ቀጥሎም ቃሉን እንመለከታለን።

የነርቭ ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ሁለት ዓይነት መልእክት ይደርሰዋል፤ አንደኛው ቀስቃሽ፣ ሁለተኛው ገቺ ነው። በአንጎል ውስጥ ዋነኛው ገቺ መልእክተኛ ጋባ ይባላል፤ ሙሉ ስሙም ጋማ አሚኖ ቡቲሪክ አሲድ ነው። በአንጎል ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950 ነበር። ጋባ የሚያርፍበት ፕሮቲን «ተቀባይ» ይባላል። ጋባ-ኤ የተሰኘው ተቀባይ አምስት ክፍሎች ክብ ሠርተው የቆሙበት ሲሆን፣ በመካከላቸው ጠባብ ቦይ አለ። ጋባ ሲያርፍበት ቦዩ ይከፈታል፤ ነጌቲቭ ሙል ያላቸው የክሎራይድ አዮኖችም ወደ ሕዋሱ ይገባሉ። በዚህን ጊዜ ሕዋሱ መልእክት ለማስተላለፍ ይቸገራል።

እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ የቀረበው ዲያዜፓምና ዘመዶቹ፣ ማለትም ቤንዞዲያዜፒኖች፣ ጋባ በሚያርፍበት ሥፍራ አያርፉም። በተቀባዩ አልፋና ጋማ ክፍሎች መካከል የራሳቸው ማረፊያ አላቸው። ቦዩን በራሳቸው አይከፍቱትም፤ ጋባ ሲኖር ግን ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋሉ። ፌኖባርቢታል የሚገኝበት የባርቢቹሬት ወገን ደግሞ ቦዩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማል፤ መጠኑ ሲበዛም ያለ ጋባ ሊከፍተው ይችላል። ባርቢቹሬት ከመጠን ሲያልፍ እስትንፋስን የማቆም አደጋው የበረታው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ፈረስ በልጓም ይገታል፤ የሚገታው ሰው ገቺ፣ ፈረሱ ተገቺ ነው። በአንጎልም ተቀባዩ ገቺ፣ ሕዋሱ ተገቺ ነው። መድኃኒቱ የልጓም ያዡን ክንድ ያበረታል እንጂ ክንዱን አይዝም። እንግዲህ «መድኃኒቱ ተቀባዩን ይገታል» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ የነገሩን ተቃራኒ ተናግሯል። የቤንዞዲያዜፒንን ማረፊያ ይዞ ሥራውን የሚያከሽፈው ሌላ መድኃኒት፣ ፍሉማዜኒል ነው፤ ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት በቤንዞዲያዜፒን የፈዘዘውን ሕመምተኛ ለማንቃት ነው። ስለዚህ «ገቺ ተቀባይ» እንጂ «የተገታ ተቀባይ» ማለት አይገባም።

ሁለተኛው ችግር «ማስታገሻ» የሚለው ቃል ነው። ሕዝቡ በዚህ ቃል በይበልጥ የሚረዳው የሕመም ማስታገሻን ነው። አረጋጊ መድኃኒትም በዚሁ ስም ከተጠራ ምን ሊከተል እንደሚችል እናስብ። በሀዋሳ፣ በታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ሰው «ማስታገሻ ነው» ተብሎ የተሰጠውን እንክብል ለራስ ምታት እንደሚዋጥ ቆጥሮ፣ ማታ አረቄ ሊጨምርበት ይችላል። የአልኮል መጠጥ ግን የዚህኑ ገቺ ተቀባይ ሥራ ያጠናክራል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ እስትንፋስን እስከ ማዳከም ይደርሳሉ። ሀዋሳን በመሰለች ብዙ ቋንቋ በሚነገርባት ከተማ የአማርኛው ማብራሪያ ወደ ሲዳሙ አፎ ወይም ወደ ወላይትኛ ሲሻገር ስሕተቱም አብሮ ይሻገራል።

ስለሆነም «ማስታገሻ» ለሕመም ብቻ፣ «አረጋጊ» መንፈስንና አካልን ለሚያረጋጋ፣ «እንቅልፍ አምጪ» ለሚያስተኛ፣ «ማደንዘዣ» ለቀዶ ሕክምና ስሜትን ለሚያጠፋ ቢመደቡ መልካም ነው እንላለን። አንዱ መድኃኒት እንደ መጠኑ ከአንድ በላይ ስም ሊገባው መቻሉ አይካድም። ተርጓሚው ስሙን ከመምረጡ በፊት «ማን ምንን ይገታል?» ብሎ ቢጠይቅ ግን አብዛኛው ስሕተት ከብዕሩ ሳይወጣ ይቀራል።