የጉበት ታማሚ "ወገቤን" ሲል

በጉበት ክትትል ክፍል ጥያቄያችን ሁሉ ሆድ ላይ ነው። ሆድዎ ተነፋ? ሰገራዎ ጠቆረ? ብዙዎቹ ሊወጡ በሩን ሲይዙ ነው፣ "ዶክተር፣ ወገቤንም ያመኛል፤ እሱ እንኳ የእርጅና ነው" የሚሉኝ። መልሼ አስቀምጣቸዋለሁ፤ የጉበት ሕመም አጥንትንም ሊያሳሳ ይችላልና።

ቫይታሚን ዲ ከፀሐይም ይምጣ ከምግብ፣ ለሥራ የሚበቃው መጀመሪያ ጉበት፣ ቀጥሎ ኩላሊት ሲለውጡት ነው። ጉበት ጠባሳ ሲሞላው (ሲሮሲስ የምንለው ነው) ይህ ሥራ ይዳከማል። የሐሞት መውረጃ ከታወከ ደግሞ ቫይታሚኑ ከአንጀት በደንብ አይገባም። "ፀሐይማ ሞልቶናል" ማለት ስለዚህ አያዋጣም። ሌላም አለ፦ ጉበት የሚያመርተው አጥንት ገንቢ ሆርሞን ይቀንሳል፣ የፆታ ሆርሞኖች ይወርዳሉ፣ ጡንቻ ይከሳል። በሰውነት መከላከያ መዛባት ለሚመጣ የጉበት ብግነት የምንሰጠው ፕሬድኒሶሎንም አጥንት ያሳሳል።

ቀድሞ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ የጀርባ አጥንት ነው፤ ሳይወድቁም ይሰበራል። ጀሪካን ሲያነሱ ውግት ያደረጋቸው፣ ቁመታቸው አጥሮ ቀሚሳቸው መሬት መጥረግ የጀመረ እናቶች ይህ ደርሶባቸው ሊሆን ይችላል። የአጥንት ጥግግት መለኪያ መሣሪያ በየቦታው አይገኝም። ቁመትን በየቀጠሮው ለክቶ መመዝገብ ግን ግድግዳ ላይ ከተሰመረ ሜትር በላይ አይጠይቅም፤ አለመለካታችን ያሳዝነኛል።

ለሄፓታይተስ ቢ የሚወሰደው ቴኖፎቪር ቫይረሱን አጥብቆ ይይዛል፤ በአንዳንዶች ላይ ግን ፎስፌት በኩላሊት በኩል እንዲፈስ አድርጎ አጥንት ያላላል። መልሱ ኩላሊትንና ፎስፌትን መከታተል ነው። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም ጉበቱን ድንገት ሊያቀጣጥለው ይችላልና እባካችሁ አታቁሙ።

ከሁሉ የምፈራው ለሕመሙ ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ የሚዋጠውን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በእነዚህ ደም ሊያስታውክ፣ ኩላሊቱም ሊከዳው ይችላል። ፓራሲታሞል በሐኪም ምክር፣ በቀን ከ2 ግራም ሳያልፍ ይሻላል። የአጥንት ማጠንከሪያውን አለንድሮኔትንም ቢሆን የጉሮሮ ቧንቧው ደም ሥሮች ላበጡበት ሰው ከማዘዝ እቆጠባለሁ፤ ቫይታሚን ዲውን ካስተካከልኩ በኋላ በደም ሥር የሚሰጠውን እመርጣለሁ።

ጎረቤት "ጉበት ካመመህ ሥጋና እንቁላል አትቅመስ" ይላል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ግን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። በጾም ሽሮውና ምስሩ ይጠንክርለት፤ ማታ ከመተኛቱም በፊት አንድ ነገር ይቅመስ። ጡንቻው የከሳ ሰው ይወድቃል፤ የሳሳ አጥንት ይዞ መውደቅ ደግሞ የዳሌ ስብራት ያመጣል።